ከወዴት መጣህ?

ለመሆኑ የሰውን ከተማ በእግሩ እየዞረ የሚያይ መንገደኛ ለዚያ ከተማ ዕዳ አለበት ወይ? «አየ እንጂ ምን ወሰደ?» ይባል ይሆናል። እስቲ ቀስ ብለን እናስበው፤ በየዕረፍቱ ቦርሳችንን አንጠልጥለን «አገር እንይ» ብለን የምንነሣው እኛው ተማሪዎች ነንና።

ስለ እግር ጉዞ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው የባሕር ወደብ ነው፤ ጠባቡ መንገድ፣ የዓሣው ሽታ፣ መርከብ የሚጠብቀው ወዛደር። እኛስ? እኛ ደባርቅ አለችን። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ወገራን አቋርጠን፣ ዳባትን ካለፍን በኋላ ሜዳው የሚያልቅባት ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ ሊማሊሞ ነው፤ ገደል። ምድር የሚያልቅበት ከተማ ከፊቱ ውሃ ይኑር ጭጋግ ያው ወደብ ነው። ማለዳ ከቆላው የሚነሣውን ደመና ላየ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

ነገሩ ምሳሌ ብቻም አይደለም። በጎንደር ዘመን የባሕሩ በር ምጽዋ ነበረች፤ የምጽዋ መንገድ ደግሞ በዓድዋ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ደጋው የሚወጣው በሊማሊሞ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር የገባው በዚሁ ዳገት ነበር። ሊማሊሞ ላይ ኬላ ነበር። ነጋዴው ቀረጥ ይከፍላል፤ ከወዴት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ጫነ ይጠየቃል። ወደ ላይ ጨርቅና መሣሪያ ይወጣል፤ ወደ ታች ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይወርዳል። ባሪያም ይወርዳል። ይህችን ቃል ቶሎ እንዳናልፋት። ዛሬ እኛ «እንዴት ያምራል!» የምንልበትን ዳገት ያ ሰው በእግሩ ወርዶታል፤ ተራራውም ከፊቱ ነበር። አላየውም ልንል ነው? አይቶታል። በኬላው ላይ የተጠየቀው ግን ጌታው ነው፤ እርሱ የተቆጠረው ከጭነቱ ጋር ነው።

እንግዲህ በእግር መሄድ ብቻውን ማንንም አያነጻም። አንዳንድ ጓደኞቻችን «በመኪና የሚያልፈው ቱሪስት ነው፤ በእግሩ የሚሄደው ከሕዝቡ ጋር ነው» ይላሉ። ኧረ ተዉ! ገብሷን በጀርባዋ አዝላ ወደ ደባርቅ ገበያ የምትወጣ ሴት ከጎናችን ብትሄድም፣ እርሷ የምትሄደው ለመድረስ ነው፤ እኛ የምንሄደው ለመሄድ።

ታዲያ ዕዳው የቱ ላይ ነው? እኔ ጥያቄው ላይ ነው እላለሁ። ዳባት ይሁን ደባርቅ፣ እንግዳ ሰው ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አንድ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ከወዴት መጣህ ልጄ? የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። ብዙዎቻችን ይሰለቸናል፤ «ምን አገባቸው?» እንላለን። እንዴት አያገባቸውም? ቤታቸውን፣ አጥራቸውን፣ ልጆቻቸውን ስናይ ፈቃድ አልጠየቅንም። እርሳቸው በተራቸው ሲያዩን ቆሞ መመለስ ቀረጣችን ነው። ማየት እንጂ መታየት የማይሻ ሰው ለሰላይ ይቀርባል።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ፤ ግን የግጭ ሰዎች ነገር አለ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ ገብስ እያረሱ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች ካሣ ተሰጥቷቸው ደባርቅ ሰፈሩ። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ አገር የለውም፤ ይጠበቅ መባሉ ትክክል ነው፣ አልከራከርም። ነገር ግን ውጤቱን ተመልከቱት። ዛሬ ግጭ ሜዳ ላይ ድንኳን የሚተክል መንገደኛ አብረውት ጠመንጃ የያዘ ስካውትና በቅሎ ጫኝ አሉ፤ «ከወዴት መጣህ?» የሚለው ባለቤት ግን የለም። ደባርቅ ነው ያለው። ቀረጡን ለማን እንክፈል?

ደግሞስ ጥያቄ ሁሉ ደግ ነው ወይ? አይደለም። ኬላ ሰውን ይለያል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደዚህ አገር ዘልቆ በነሐሴ መጨረሻ ከዳባት አጠገብ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። እንዲህ ያለ ነገር ባለፈበት አገር «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ቃል አንድ ፊደል ሳይለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል፤ ሰው በስሙና በአነጋገሩ የሚለይበት ይሆናል። ለጠየቀኝ ሁሉ እመልሳለሁ ማለት የሚቀለው እንደ እኔ መልሱ ለማያስፈራው ሰው ነው። በዚያው ሰሞን ዳባት አጠገብ፣ አለምዋጭ በተባለው ቦታ፣ የኤርትራ ስደተኞች ሰፈሩ። ቀደም ሲል ይኖሩበት ከነበረው ከማይ ጸብሪ በኩል የሚመጣው መንገድ የሚወጣው በዚሁ በሊማሊሞ ነው፤ የጥንቱ ነጋዴ የሚነሣባት ምጽዋም የአገራቸው ወደብ ናት። ዳባት ገበያ ላይ አንዱ «ከወዴት መጣህ?» ቢባል ምን ይበል? ከካምፕ? ከአስመራ? ለእኛ የመንገድ ወግ የሆነው ነገር ለእርሱ ፋይሉ ነው።

በሚመጣው ዕረፍት ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ደባርቅ አንድ ቀን ዋሉ። አብዛኛው ሰው አድሮ ጠዋት ወደ ፓርኩ ይሮጣል። የግጭ ሰዎች የሰፈሩበትን ጠይቁ፤ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ተዉት። ይህስ ሌላ ማየት አይደለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ነው። ለዚህ ነው መንገድ ላይ አባት ስታገኙ እስኪጠይቋችሁ ቁሙ የምለው፤ ስማችሁን መናገር የማያስፈራችሁ ከሆነም እስከ አያታችሁ ንገሯቸው።