ኢሚዩኒቲዬ የኔ ነው?

ቲክቶክ ላይ አሥር ደቂቃ ቆይቶ «ኢሚዩኒቲ የሚጨምር» ነገር የሚሸጥ ሰው አለማየት ይከብዳል። ዱቄት ነው፣ ሻይ ነው፣ ጠብታ ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ ሰውነትህ ምሽግ ነው፣ ብቻህን አጥረው። ስህተት ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ አልፈው ነበር። የሚከነክነኝ ውስጡ የተደበቀው ፍርድ ነው። ጤነኛ ከሆንክ ጎበዝ ስለሆንክ ነው፤ ከታመምክ ደግሞ የእጅህን ነው ያገኘኸው።

ከደረት አጥንታችን ጀርባ ታይመስ የሚባል እጢ አለ። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። ትምህርት ቤቱ ጨካኝ ነው፤ ከገቡት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሕይወት አይወጡም። ምንም መለየት ያልቻለው ይሞታል፣ የገዛ አካሉን ለማጥቃት የሚቸኩለውም ይሞታል። አምልጠው ለሚወጡት ደግሞ «ተው!» የሚሉ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። የ2025ቱ የሕክምና ኖቤል ለሜሪ ብሩንኮው፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ የተሰጠው በዚሁ ጉዳይ ነው። ይህ ልጓም ሲላላ ሰውነት በራሱ ላይ ይነሳል። ሉፐስን ያየ ሰው «ጨምሩት» የሚለውን ቃል እንዲህ በቀላሉ አይወረውርም።

አንዲት ዘመዴ ከወንድሟ ኩላሊት ተቀብላለች። የሥጋ ዘመድ እንላለን፤ ሥጋ ግን ዘመድ አያውቅም። የወንድሟንም ኩላሊት እንደ ባዕድ ነው የሚያየው። ስለዚህ በየቀኑ፣ ሰዓት ሳታዛንፍ፣ መከላከያዋን የሚያዳክም መድኃኒት ትውጣለች። ሊጠይቃት የሚመጣው ሁሉ ዝንጅብልና ማር ይዞ «ኢሚዩኒቲሽን ገንቢ እንጂ» ይላታል። (ማሩን ትወደዋለች፣ እሱስ አይካድም።)

እሷን ብቻዋን አጥሪ ማለት ምን ማለት ነው? የኩፍኝ ክትባት የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ለእሷ አይሰጥም። የኩፍኝ ቫይረስ ደግሞ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ሰው 95 ያህሉ መከተብ አለበት። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ሕፃንም እንደ እሷው በሰው አጥር ነው የሚኖረው።

«ሰውነቴ የኔ ነው» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። እውነቱን ነው። ማንም እጁን ተይዞ እንዲወጋ አልፈልግም፤ ሰው በገላው ላይ እምቢ ማለት ካልቻለ በምኑ ላይ ሊችል ነው? በደንብ ይተኛል፣ ይሮጣል፣ ሲጋራ አያጨስም፤ ይሄም ይጠቅመዋል። «ኢሚዩኒቲዬ የኔ ነው» ሲል ግን አልስማማም። የመጀመሪያውን የሰጠችው እናቱ ናት፤ ከመወለዱ በፊት በእንግዴ ልጅ በኩል፣ ከተወለደ በኋላ በእንገሯ። ፈንጣጣን ደግሞ አንድም ቀን ተዋግቶ አያውቅም። በእግራቸው ተራራ ወጥተው፣ በረሃ አቋርጠው የከተቡ ሰዎች ናቸው ከመንገዱ ላይ ያነሱለት። አንድ ሰው በማያውቃቸው ሰዎች ድካም ጤነኛ ሆኖ አድጎ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ምንም ዕዳ የለብኝም ሊል ይችላል? ሕግ አያስገድደው ይሆናል። እኔ ግን የምጠይቀው ስለ ሕግ አይደለም።

ዓሊ ማዎ ማአሊን የሶማሊያዋ መርካ ከተማ ሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። ሆስፒታል እየሠራም ክትባቱን ሸሽቶ ቆይቷል፤ መርፌው የሚያም መስሎት ነበር። በ1977 የፈንጣጣ ሕመምተኞች የጫነ መኪና ላይ ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ መንገድ አሳየ፣ ታመመም። በተፈጥሮ ስርጭት ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ሆነ። ከእሱ ወደ ሌላ ሰው አልተላለፈም፤ በአካባቢው ያለው ሰው ሁሉ እየተፈለገ ተከተበ። ዓሊ ዳነ። በኋላ በፖሊዮ ዘመቻ እየዞረ፣ የራሱን ታሪክ እየነገረ፣ የሚጠራጠሩ ወላጆችን ሲያግባባ ኖረ። በ2013 በዚያው ሥራ ላይ እያለ ወባ ያዘውና ሞተ።