የፎቶው ጀርባ

ባለፈው ፋሲካ እህቴ እኔ ቤት መጥታ የአባታችንን ፎቶ ከግድግዳ አወረደችና ገለበጠችው። ያገኘችው እንጨት ነው። «ጽሑፉስ?» አለችኝ። እኔ ዝም።

አባታችን በወጣትነቱ የተነሳው ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ። ከመብራትና ከውሃ ደረሰኝ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ከርሞ አንዱን ጥግ እርጥበት በልቶታል። ላድነው ብዬ አንድ አናጢ ጋር ወሰድኩት። የዋንዛ ጣውላ ላይ በፎቶው ልክ ጎድጎድ አድርጎ ጠረበ፣ ፎቶውን በኮላ ለጠፈ፣ ከላይ እንደ መስታወት የሚጠነክር ሬዚን አፈሰሰበት። ያምራል፤ ዛሬም ያምራል። ከጀርባው ግን እናታችን በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈችው ሁለት መስመር ነበር።

አናጢው ሳይነግረኝ አልቀረም። «ኮፒ አሳትመህ አምጣ፣ ዋናውን አስቀምጥ» ብሎኛል። ፈሳሹ ሬዚን ወረቀት ውስጥ ከሰረገ ያጠቁረዋል፤ ለዚህ ነው ቀድሞ ፊቱም ጀርባውም ጠርዙም ኮላ ተቀብቶ በደንብ መድረቅ ያለበት። ሬዚኑ ራሱ ፀሐይ ካገኘው እያደር ቢጫ ይሆናል። እንጨቱም አርፎ አይቀመጥም፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ከውስጡ የሚወጣው አሲድም ለፎቶ አይበጅም። ኮፒ ቢበላሽ ሌላ ይታተማል። እኔ ግን «ዋናው ካልሆነ ምን ትርጉም አለው?» ብዬ ድርቅ አልኩ።

እስቲ ልጠይቅ፦ ዋናው ኮፒው የሌለው ምን ነበረው? እናቴ የነካችው ወረቀት፣ የእጇ ጽሑፍ፣ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበሉ። እኔ ይህን ሁሉ ደፍኜ ፊቱን ብቻ አስቀረሁ። ፊቱን ደግሞ ኮፒም ይይዘው ነበር! «ዋናው እኔ ቤት ነው» ለማለት ያህል ነው መሰለኝ።

የኛ ሠዓሊዎች በእንጨት ገበታ ላይ የሚስሏቸው፣ እንደ መጽሐፍ የሚከደኑ ቅዱሳት ሥዕላት አሉ። ሲከደኑ ከአቧራና ከብርሃን ይጠበቃሉ፣ ሲከፈቱ ይታያሉ። በ1839 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ይፋ የሆነው ዳጌሮታይፕ የሚባለው የጥንት ፎቶም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በመስታወት ተሸፍኖ፣ ተከፍቶ በሚዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነበር። የሚከድን ሰው ከሱ በኋላ የሚከፍት እንደሚመጣ ያስባል። እኔ ያንን አላሰብኩም።

«ያንተ ብቻ ነበር?» አለችኝ እህቴ። መልስ አላጣሁም፤ ባላደርገው ይሄኔ በስብሶ ነበር። እውነት ነው። ግን የጎረቤቱን በሬ ከጎርፍ ያወጣ ሰው ይመሰገናል እንጂ በሬውን አርዶ አይበላም።

ወደ አናጢው ተመለስኩ። ጣውላውን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ «እንጨቱን ከኋላ በስሱ እየላግሁ ልደርስበት እችላለሁ። ቀለሙን ግን ኮላው አጥፍቶት ሊሆን ይችላል፤ እጄ ከሳተ ደግሞ ፊቱም ይሄዳል» አለኝ።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። እሷ የመጀመሪያውን መስመር ታስታውሳለች። ሁለተኛውን ሁለታችንም አናውቀውም። ጣውላው አሁን እሷ ቤት፣ ፀሐይ የማይደርስበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አስልጊው ወይም ተወው አላልኳትም።