የነጋሪውን ስም ስለ መሰወር

ጋዜጠኛ ወሬውን ከማን እንደ ሰማ ተጠይቆ «አልናገርም» ሲል፣ ዝምታው ለእውነት ዘብ የቆመ ነው ወይስ እውነትን የሚጋርድ ነው እያልሁ፣ በደነባ ከተማ ተቀምጬ ከኅሊናዬ ጋር ተሟገትሁ። ለዚህ ሙግት ያነሣሣኝ የአርጋው አሽኔ ነገር ነው። ለኬንያው ኔሽን የዜና ድርጅት ይዘግብ የነበረው ይህ ጋዜጠኛ፣ የ«አዲስ ነገር» ጋዜጣ ሰዎች ሊታሰሩ እንደ ታሰበ ከመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው እንደ ነገረው፣ በ2002 ዓ.ም. በተላከ የአሜሪካ ኤምባሲ መልእክት ከነስሙ ተጽፎ ነበር፤ ምሥጢራዊ ሰነዶችን የሚያወጣው ዊኪሊክስም መልእክቱን ስም ሳይሸፍን ባወጣው ጊዜ፣ በጳጉሜን 2003 ፖሊስ ጠርቶ ነጋሪውን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ አዘዘው፤ እርሱም አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

ልቤ ወዲያው ለአርጋው ፈረደ፤ ነገር ግን የቀደሙት አባቶች አውጫጭኝ ትዝ ቢለኝ ፍርዴ ተናወጠ። ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ «ወፍ» የተባለው ነጋሪ ስሙ ሳይገለጥ ጥፋተኛውን ይጠቁም ነበርና፣ ያ ወፍ ባላንጣውን በሐሰት ቢከስስ ተከሳሹ ለማን ይመልሳል? ይህን ደግሞ ደጋግሜ ስመረምረው ልዩነቱን አገኘሁ። በጋዜጣ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው የራሱን ስም አኑሮ በሕግ ፊት የሚጠየቅ ስለ ሆነ፣ የተነቀፈው ሰው የሚሞግተው አያጣም፤ ስለዚህ የነጋሪውን ስም መሰወር ጽድቅ የሚሆነው፣ ጸሐፊው የነጋሪውን ሸክም ሁሉ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ፣ ቃሉን በሰነድና በሌላ ምስክር ካጸና ብቻ ነው።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም ጋዜጠኛ ምንጩን እንዲገልጥ እንዳይገደድ ይከላከልለታል፤ በጠባብ ምክንያት ግን ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል። ዳኛ መዝኖ የሚሰጠውን ትእዛዝ አልነቅፍም፤ አርጋውን የጠየቀው ግን ዳኛ አልነበረም።

ሆኖም ሕጉ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ሌላ ጥርጣሬ አልለቀቀኝም። ከዚህ ከተማ አንድ ሰው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ማዳበሪያ ለገበሬው ጎድሎ እንደሚመዘን ቢጽፍና «ከመጋዘኑ ሠራተኞች አንዱ እንደ ነገረኝ» ቢል፣ ሠራተኞቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ስሙን መሰወሩ ምን ይረባል? ገበያተኛው ሳያመሽ ይለየዋል፤ ጋዜጠኛው በችሎት ፊት በጀግንነት ዝም ሊል ሲዘጋጅ፣ ሰውዬው ቀድሞ ከእንጀራው ተባርሯል። አርጋውም የነጋሪውን ስም ሲጠብቅ የገዛ ስሙ በሌላ ሰው ብዕር ተገለጠ። እንግዲህ ጥበቃው የሚጀምረው ከዳኛ ፊት ሳይሆን ከብዕሩ ጫፍ ነው፤ ጽሑፍን የሚያሳምር ዝርዝር ሁሉ ሰውን የሚያስይዝ ሊሆን ይችላልና።

ታዲያ ነጋሪው እንዳይታወቅ ተብሎ የብዙ ገበሬ በደል ሳይጻፍ ይቅር? ይህ ጥያቄ ዕረፍት ቢነሣኝም፣ ወደ አንድ ሐሳብ አድርሶኛል፤ ስሙ የጋዜጠኛው ርስት ሳይሆን ነጋሪው ያኖረበት አደራ ስለ ሆነ፣ ጋዜጠኛው የአደጋውን ልክ ለብቻው ሊመዝን አይገባውም። የሚታተመውን ቃል አስቀድሞ ያንብብለት፤ በዚህ አነጋገር ይለዩኛል ካለው፣ ዐረፍተ ነገሩን ይሰርዝና የሚዛኑን መዝገብ ራሱ ይፈልግ።