ውሃን ስለ ማባከንና ስለ ቀጂዋ ሐቅ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤ የአላህ ባሮች ሆይ! አላህን እንድትፈሩ ራሴንም እናንተንም አደራ እላለሁ።

ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ዉዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ገላቸውን ይታጠቡ የነበረውም ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚሆን ውሃ እንደ ነበረ፣ አነስ ኢብኑ ማሊክ ያወሩትን ቡኻሪና ሙስሊም መዝግበውታል። ሙድ በሁለት መዳፍ የሚታፈስ ልክ ሲሆን አንድ ሊትር አይሞላም፤ ሷዕም አራት ሙድ ነው። ከእኛ መካከል ግን ለአንድ ዉዱእ ማንቆርቆሪያ ሙሉ አፍስሶ፣ እግሩን አራትና አምስት ጊዜ አጥቦ፣ ይህን ጥንቃቄ ነው የሚል አለ። አይደለም፤ ከሦስት ጊዜ በላይ ማጠብ ከልክ ማለፍ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አን-ነወዊም፣ ሰው በባሕር ጠረፍ ቢሆን እንኳ ውሃ ማባከን የተከለከለ መሆኑ ዑለማዎች የተስማሙበት ነው ብለው ጽፈዋል።

እስከዚህ ያለው ከዓረብኛው የተመለሰ ነው። የሚከተለውን ስለ ሮብ ገበያና ስለ አካባቢዋ ሰው ብዬ ከራሴ ጨምሬዋለሁ።

እኛ የበረሃ ሰዎች አይደለንም። ሙጋና ሱሃ ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ ሲወርዱ እናያለን፤ ክረምቱም ጭቃው እስኪያስመርር ይዘንባል። ስለዚህ «ውሃ ምን ጎደለብን?» እንላለን። ነገር ግን ወንዙ ከገደሉ ሥር ነው፤ ቤታችን ከላይ። በመጋቢትና በሚያዝያ ምንጩ ሲቀጥን፣ ከምንጩ እስከ ደጃፍህ ያለውን ዳገት የምታውቀው ማን ናት? ሚስትህና ሴት ልጅህ ናቸው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ነጋዴው ሆይ! በገበያ ቀን ስለ ጤፍ ሚዛን ትከራከራለህ፤ ያን ጀሪካን ግን አንድ ቀን በጀርባህ መዝነኸዋልን?

በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ የምንመላለሰው እናታችን ሐጀር ለተጠማው ልጇ ለኢስማዒል ውሃ ፍለጋ የሮጠችውን ሩጫ በማሰብ ነው። አላህ ውሃ የምትፈልግን እናት እርምጃ የሐጅ ሥርዓት አደረገው፤ እኛ ደግሞ በቤታችን ያለችው ተመላልሳ ያመጣችውን በደጅ እንደፋዋለን። በእኔ አስተያየት ይህ ገንዘብ ከማባከን የከፋ ነው፤ የሚደፋው ድካሟ ነውና።

ስለዚህ ማንቆርቆሪያው በልክ ይሞላ። ሲኒና ሳህን በሳፋ ይታጠብ፤ እጣቢው ለጎመኑና ለቃሪያው ይፍሰስ። የቆርቆሮ ቤት ያለው አሸንዳ ሠርቶ የክረምቱን ዝናብ በበርሜል ያጠራቅም፤ በርሜሉንም ይክደን። ቧንቧ የገባለትም የሚያንጠባጥበውን ዛሬ ነገ ሳይል ያስጠግን።

መቆጠብ ግን መንፈግ አይደለም። አንዳንዱ ቆጣቢ ነኝ እያለ የተረፈውን ውሃ ከጎረቤቱ ይከለክላል፤ ይህንም ነቢያችን ከልክለዋል። ዑስማን ኢብኑ ዐፋን የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሕዝብ በነጻ እንደ ሰጡ ታውቃላችሁ። ጎረቤትህ ክርስቲያን ቢሆንም የጎረቤት ሐቅ አለው፤ ቧንቧው ለአንተ ግቢ ደርሶ ለእርሱ ያልደረሰ እንደ ሆነ በርህን አትዝጋበት።

ወንዶች ሆይ! ለመጪው ጁሙዓ የምትታጠቡበትን ውሃ ራሳችሁ ቀድታችሁ አምጡት። አላህ ይቀበለን፤ አሚን።