የፉክክር ቤት

«የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል» ይላል ተረቱ። «አንተ ዝጋው»፣ «ለምን እኔ?» ሲባባሉ በሩ ክፍቱን ያነጋል ማለት ነው። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። የገባኝ ግን ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ ያውም ከአገሬ ርቄ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ የትም የማይሄድ ብስክሌት ላይ ተቀምጬ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በብርዱ ወራት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእህቴ ልጅ ዘንድ ከርሜ ነበር። ልጁ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ከሰው ጋር የሚገናኘው እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱም ፈረቃው ከፈቀደለት። ሐኪም «ክብደት ቀንስ፣ ልብህን አሠራው» ስላለው ብስክሌት ገዛ። ውጪው በረዶ ነውና የኋላ ጎማውን አውልቆ ከአንድ ማሽን ጋር ገጠመው፤ ማሽኑን ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር የጉልበቱን ልክ በዋት ይነግረዋል።

ግድግዳው ላይ አሠልጣኝ ያወጣው የዐሥር ሳምንት የልምምድ ፕሮግራም ተለጥፏል። ማክሰኞ፦ ስምንት ደቂቃ በ220 ዋት፣ አራት ደቂቃ እረፍት፣ ይኸው አራት ጊዜ። ረቡዕ፦ እረፍት። ሐሙስ፦ አንድ ሰዓት በዝግታ፣ ከ130 ዋት እንዳታልፍ። «እንዳታልፍ» የምትለው ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ማሽኑም አይለግምም፤ ዘገም ስትል ያከብድብሃል፣ ስትፈጥን ያቀልልሃል፤ ከታዘዘው ቁጥር ንቅንቅ የለም።

ልጁ ሁለት ሳምንት በታማኝነት ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ እዚያው ግድግዳው ላይ ሆኖ የተሠራውን ቀን መሰረዙ ቆመ። ምክንያቱን ስጠይቀው ሳቀ።

«ጋሼ፣ ያ ነገር እኮ እንደ ባንክ ወረፋ ነው። ሰዓት እያየሁ ነው የምጨርሰው። አሁን ውድድር ገብቻለሁ።»

ውድድሩ በስክሪን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ዝዊፍት የሚባለው ፕሮግራም ዋቶፒያ የተባለች በካርታ ላይ የሌለች ደሴት አለችው። ከጃፓን፣ ከእንግሊዝ፣ ከብራዚል በየቤታቸው ብስክሌት ላይ የወጡ ሰዎች በዚያች ደሴት መንገድ ላይ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። ዳገት ሲመጣ ማሽኑ ይከብዳል። ሰው ተከትለህ ስትነዳ ነፋሱ እንደተከለለልህ ተቆጥሮ ይቀልልሃል። ጨዋታ ብቻ ነው እንዳልል፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ላይ አካሂዷል፤ ከወንዶች ጀርመናዊው ጄሰን ኦስቦርን፣ ከሴቶች ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ሙልማን ፓሲዮ አሸንፈዋል። አውስትራሊያዊው ጄይ ቫይን ደግሞ በዚያው ዓመት በዚሁ መድረክ በተደረገ ምልመላ የባለሙያ ቡድን ውል አግኝቶ፣ በ2022 የስፔንን ዙር ሁለት ደረጃዎች በእውነተኛ ተራራ ላይ አሸነፈ።

እኔ መቼም መምህርነቱን ብተወውም እሱ አልተወኝም። «ፕሮግራሙን ለምን ጣልከው?» እያልኩ ጨቀጨቅሁት። በኋላ ግን ከራሴ ጋር ስሟገት ልጁ ጠበቃ እንዳለው ትዝ አለኝ። ኖርማን ትሪፕሌት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጽሑፍ የብስክሌተኞችን የሰዓት መዝገብ አገላብጦ ነበር። ከሌላ ሰው ጋር የሚነዱት ብቻቸውን ከሰዓት ጋር ከሚታገሉት ይፈጥናሉ። ሰው ሰውን ሲያይ ብቻውን ሲሆን የማያገኘው ጉልበት ከየት እንደሁ ይመጣለታል። ይህን ለማወቅ ጥናትም አያስፈልግም፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል አይቶ የማያውቅ አበሻ የለም።

ትሪፕሌት ግን በዚያ አላበቃም። 40 ልጆችን አንዴ ለብቻ፣ አንዴ ከባላንጣ ጋር እያደረገ የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚጠቀለልበትን መዘውር አሽከረከራቸው። 20ዎቹ ባላንጣ ሲያገኙ ፈጠኑ። 10ሩ ብዙም ለውጥ አላሳዩም። የቀሩት 10 ግን ባላንጣ ባዩ ጊዜ ተደነባበሩና ይባሱን ዘገዩ። ስለ እነዚህ ዐሥር ልጆች ብዙ ሲነገር አልሰማሁም። እመለስባቸዋለሁ።

የእህቴ ልጅ በሳምንት አምስት ቀን መወዳደር ጀመረ። ውድድር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ሽሽት ነው፤ ከዚያ መንጋው ውስጥ መደበቅ፤ ከዚያ ዳገቱ ሥር ድንጋጤ። የማክሰኞው አራት ጊዜ ስምንት ደቂቃ እዚያ የለም፤ የሐሙሱ ዝግታማ ጨርሶ የለም። ያን ቀን የምትሠራውን ልምምድ የሚያወጣልህ ፖላንድ ተቀምጦ ድንገት ልፈትለክ ያለ ሰው ነው። ሰውነት የሚገነባው ደግሞ በሚያርፍበት ቀን ጭምር ነው። ከወር በኋላ እንቅልፉ ተዛባ፣ እግሩ ከበደ፣ በትንሽ ነገር ይቆጣ ጀመር። ፕሮግራሙ በስድስተኛው ሳምንት ጉልበቱን የሚለካበት ፈተና ነበረው። የፈተናው ቀን ሲደርስ ምን አደረገ? ውድድር ገባ። በሩን የሚዘጋ አልነበረም።

በዚህ ላይ ልጁን ልሰብከው ስዘጋጅ፣ «ጋሼ፣ አንድ ቀን ይሞክሩትና ከዚያ ይፍረዱ» አለኝ። እኔም በልጅነቴ በስሙኒ እየተከራየሁ ሰፈር ለሰፈር ከነዳሁት ወዲህ ያልወጣሁበትን ብስክሌት ወጣሁበት። ኮምፒውተሩ ክብደቴን ጠየቀኝ። ዳገት ላይ ፍጥነትን የሚወስነው ጉልበትህ ለክብደትህ ሲካፈል ነውና ይህን ማወቅ አለበት። 84 ኪሎ ነኝ። 76 ብዬ ጻፍኩ።

ለምን? ማንም አልጠረጠረኝም፤ ሽልማትም የለ። የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰው፣ የኖርዌይ ባንዲራ የያዘ የማላውቀውን ሰው መጨረሻው ዳገት ላይ በጥቂት ሰከንድ ቀደምኩና በባዶ ምድር ቤት እጄን አነሳሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፉክክር የሚለው ቃል የፉከራ ዘመድ ነው። ፋካሪው ግን የሚፎክረው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነበር። ያልገደለውን ገደልኩ ቢል፣ «የት? መቼ?» የሚለው አብሮት የዘመተ ሰው አይጠፋም። በስክሪኑ ውድድር ምስክሩ የራስህ ሚዛን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ካሜሮን ጄፈርስ የተባለ ወጣት የመጀመሪያውን የብሪታንያ የስክሪን ብስክሌት ሻምፒዮና አሸነፈ። በኋላ ግን ብዙ ዳገት ለወጣ ብቻ የምትሰጠዋን ፈጣን የስክሪን ብስክሌት ያገኘው፣ ኮምፒውተር በእሱ ፈንታ የነዳ እያስመሰለ መሆኑ ተደረሰበት። ማዕረጉን ተነጠቀ፣ ስድስት ወር ታገደ፣ 250 ፓውንድ ተቀጣ። ልብ በሉ፣ የውድድሩን ቀን የነዳው በገዛ እግሩ ነው። በውሸት የሞላው ከውድድሩ በፊት ያለውን፣ ማንም የማያየውን፣ አሰልቺውን ረጅም መንገድ ነው። የእኔስ ስምንት ኪሎ ከዚያ በምን ይለያል? እነዚያን ኪሎዎች ለመቀነስ ወራት የሚፈጅ ጾምና ላብ ያስፈልጋል። እኔ በሁለት ጣት ቀነስኳቸው።

አሁን ወደ ዐሥሩ ልጆች ልመለስ። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼ አላነብ ብለው ቢያስቸግሩኝ ዘዴ ፈጠርኩ። በየሳምንቱ ባነበቡት ላይ አጭር ፈተና እሰጥና ውጤቱን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በስም በሬ ላይ እለጥፋለሁ። ክፍሉ ነፍስ ዘራ። እኔም ደስ አለኝ። ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ከትምህርት በኋላ እየቆየ፣ ያልታዘዘ መጽሐፍ እያነበበ፣ አንዳንዴ እኔኑ የሚያስጨንቅ ጥያቄ የሚጠይቅ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጠየቁን ተወ። አስጠርቼ «ምን ነካህ?» አልኩት።

«መምህር፣ ስጠይቅ አለማወቄ ይታወቅብኛል» አለኝ።

ዝርዝሩን አላነሳሁትም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በሬ ላይ ነበር። ለብዙኃኑ ጠቅሟል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ዛሬ ሳስበው ግን የወሰድኩበት ነገር ደረጃ አይደለም፤ አለማወቁን ሳያፍርበት ይዞ የሚመጣበትን ቦታ ነው። ልምምድ የምንለው ይህን ቦታ ይመስለኛል። እዚያ ድካምህን ደብቀህ አትዘልቅም፤ የምትሠራው በእሱው ላይ ነዋ። 130 ዋት ላይ ቆይ ስትባል 130 ላይ ትቆያለህ፤ ማንም ቢያልፍህ ግድ የለህም። ውድድሩ ግን ድካምህን ሸፍን ይልሃል፤ አንዳንዱን በጉልበት፣ አንዳንዱን በስምንት ኪሎ።

ይህን ሁሉ አሰናድቼ አንድ ማለዳ ለልጁ ነገርኩት፤ ስለ ኪሎዬም ተናዘዝኩ። ዝም ብሎ ሰማኝና እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያዩት ማንን ረታሁ የሚለውን ነው። እኔ እኮ የማየው ማን መጣ የሚለውን ነው።» እንደ እሱ ሌሊት የሚሠራ፣ ያ የፖላንዱ ሰው አለ። ከሥራ ሲመለስ በዚያ ሰዓት ሰላም የሚለው እሱ ብቻ ነው።

መልስ አጣሁ። ለካ እኔ ፉክክር ያልኩት ለእሱ ሰፈር ነበር። የቋንቋ መምህር ሆኜ መገናኘትና መፎካከር ሁለት ቃል መሆናቸው ጠፋብኝ። አትሌቶቻችንን ማለዳ እንጦጦ ጫካ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ላይ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ በሰልፍ ይሮጣሉ። ቀላል በተባለው ቀን ከሰልፉ ወጥቶ ልፈትለክ የሚል ካለ ጓደኞቹ ይቆጡታል። አብረው ናቸው፣ ግን የዚያን ቀን ማንም ማንንም አይረታም።

ፕሮግራሙም ለዚህ የሚሆን ነገር አለው፤ የተለያየ ጉልበት ያላቸው ሰዎች አንዱ አንዱን ሳይጥል የየራሳቸውን ልምምድ አብረው የሚሠሩበት። ልጁ የፖላንዱን ሰው የማክሰኞውን አራት ጊዜ ስምንት ደቂቃ አብረን እንሥራ ብሎ ጠየቀው፤ ሰውየውም እሺ አለ። ውድድሩ ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ወረቀቱ ላይ መሰረዙ ተጀመረ። እንቅልፉ እስኪመለስ ግን ጊዜ ወሰደ።

እኔም ከመመለሴ በፊት አንድ ጊዜ ተወዳደርኩ። ሚዛን ላይ ወጥቼ አየሁት፤ ከልጁ እንጀራ የተነሳ 85 ደርሻለሁ። 85 ብዬ ጻፍኩ። ዳገቱ ላይ ሰው ሁሉ ጥሎኝ ሄደ።

የኖርዌዩ ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚያውቀው በአንድ የ76 ኪሎ ሰው መረታቱን ነው። ይቅርታ የምልክበት አድራሻ የለኝም።