ስሙ የከበረ መሬት ትርፉ የማን ነው?

አባቶቻችን «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ሲሉ፣ መሬት ከሌላው ሀብት ኹሉ የተለየ መኾኑን ማመልከታቸው ነው። በሬ ቢሸጥ ሌላ በሬ ይገዛል፤ የአያት መቃብርና የአባት ጥላ ያለበት መሬት ግን ምትክ የለውም። እንግዲህ የአንድ ስፍራ ስም በዓለም በተጠራ ጊዜ የመሬቱም ዋጋ ከፍ ይላልና፣ ይህ የጨመረው ዋጋ በእውነት የማን ነው? ብለን እንጠይቅ።

በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክፍል ዋልት ዲስኒ የሚባለው ሰው ታላቅ የመዝናኛ ስፍራ ሊያቆም ዐስቦ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964ና በ1965 ከ27,000 ኤከር የሚበልጥ መሬት ገዛ፤ ይኸውም በኛ ልክ ወደ 270 ጋሻ የሚጠጋ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን የገዛው በገዛ ስሙ ሳይኾን፣ ለዚሁ ነገር በተቋቋሙ ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ስም ነበር። በ1965 መጨረሻ ገደማ የገዢው ማንነት በተገለጠ ጊዜ በዙሪያው ያለው መሬት ዋጋ ወዲያው ናረ። ሻጮቹ ፈርመዋል፤ ገንዘባቸውንም ተቀብለዋል። ኅሊና ግን ይጠይቃል፤ አንዱ እያወቀ ሌላው ሳያውቅ የተደረገ ስምምነት፣ ስምምነት ነውን?

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰለን። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ከላይ ረጃጅም ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰትና ቡና ባንድነት የሚበቅሉበት ያ ቁልቁለት፣ የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮችም እንግዳ ይጠራሉ። እንግዳ ሲመጣ ማደሪያ፣ ማደሪያ ሲሠራም መሬት ይፈለጋል።

በኛ አገር መሬት አይሸጥምና ምን ያሰጋል? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ገበሬውም በጕልበቱ ላፈራው ንብረት ባለመብት ነው። ነገር ግን መሬት ባይሸጥም በኪራይና በካሣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ካሣ የአንዱን ገበሬ ቡናና እንሰት ይቈጥር ይኾናል፤ የጎረቤቱን ጥላ፣ ሽማግሎች ለትውልድ የጠበቁትንም ዛፍ በምን ይቈጥረዋል? ክብሩ የመጣው ከአንድ ማሳ ሳይኾን ከኹሉ ኅብረት ነውና።

በሌላ ወገን ደግሞ፣ የዲላ ከተማ አትልማ፣ የገበሬውም ልጅ ለእንግዳ መታያ ኾኖ በድኽነት ይኑር ማለት ግፍ ነው። አክዓብም ለናቡቴ አስቀድሞ የተሻለ ቦታ ወይም የተገባ ዋጋ ሊሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር፤ በደሉ የጀመረ ለመግዛት በመፈለጉ ሳይኾን፣ «አይኾንም» የሚለውን ቃል መታገሥ ባቃተው ጊዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. በሚቺሌ በባለመሬቶች ላይ የተነሡት የጌዴኦ ገበሬዎች ታሪክም፣ የምድሩ ፍሬ ከደከመበት ሰው እጅ ሲወጣ ሰላም እንደማይቈይ ይመሰክራል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ መሬቱን የሚለቅ ሰው ምን እንደሚሠራበትና ምን እንደሚተረፍበት አስቀድሞ ይወቅ፤ እንቢ ሲልም እንቢታው ይከበርለት፤ ከሚገኘውም ትርፍ ጥላውን ለጠበቁት ጎረቤቶች ድርሻቸው ይመለስ። ይህ ከጎደለ እንግዳው ሊያየው የመጣውን ዛፍ ማደሪያው ያስቈርጠዋል፤ ያን ጊዜ ገበሬው መሬቱን፣ ባለማደሪያውም እንግዳውን ያጣል።