ምሥጢሩ የማን ነው?

አንድ ወዳጄ በሃያ ዓመቱ የገጠመውን፣ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ እየሳቀ አጫወተኝ። በብልቱ ቆዳ ላይ ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክ ሽፍታ ወጥቶበት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሲደርስ ከኋላው ረጅም ሰልፍ አለ፤ ከሰልፉም መካከል የእናቱ ዕድርተኛ የሆኑ ሴት ቆመዋል። ካርድ አውጪዋ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ምንህን ነው የሚያምህ?» አለችው። «ጨጓራዬን» አለ። የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ቤቱ ገባ።

አብሬው ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሳቄ ጠፋ። ለመሆኑ ያ ልጅ ዋሸ ወይስ እንዲዋሽ ተገደደ?

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እውነት ነው። ይሁንና ተረቱ ጥፋቱን ሁሉ የሚጭነው በበሽተኛው ላይ ነው፤ ሰሚው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይጠይቅም። ለንስሐ አባቱ ኃጢአቱን የሚዘከዝክ ሰው ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ ቃሉ ከዚያ እንደማይወጣ ስለሚያምን ነው። በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው ጥንታዊ የግሪክ መሐላም ሐኪሙ ያየውንና የሰማውን ገበና እንዳያወጣ ያስረዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 399 የሙያ ምሥጢር ማውጣትን ያስቀጣል። እንግዲህ ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ካርድ አውጪዋም ባለአደራ እንጂ የምሥጢሩ ባለቤት አይደሉም።

የሐፍረት ዋጋ ደግሞ ቀላል አይደለም። በብልት ላይ የሚወጣ ሁሉ የአባለዘር በሽታ አይደለም፤ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ በሽታ ያልሆነ ነቁጥም አለ። የቂጥኝ ቁስል ግን ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ባይታከምም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ይጠፋል። ባለቤቱ «ዳንሁ» ይላል። በሽታው ግን ከሰውነቱ አልወጣም፤ ከዓመታት በኋላ ልብንና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ያም ሆኖ በጊዜው ለተገኘ ሰው ፔኒሲሊን ያድነዋል። ሁለቱን በዓይን ለይቶ ማወቅ የሚያፍረው ልጅ ሥራ አይደለም።

ወዳጄ ማሳከኩ ሲብስበት ከሰፈሩ ርቆ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ መጀመሪያ በሩን ዘጋ። ቀጥሎ፣ «እዚህ የምትነግረኝ እዚሁ ይቀራል» አለው። ሽፍታው እከክ ሆኖ ተገኘ፤ የሚቀባ መድኃኒት ታዘዘለት። ሲወጣ ግን ሐኪሙ፣ «አብራህ የምትተኛ ካለች እሷም አብራህ ትታከም፤ አለዚያ ተመልሶ ይይዝሃል» አለው።

የጥያቄያችን ከባዱ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ምሥጢሩ የእርሱ ነው ካልን፣ ዝም የማለትም መብት አለው ማለት ነው? አይመስለኝም። ለሰልፉ የማይገባው ነገር፣ ገላዋ ገላውን ለሚነካው ሰው ይገባታል። ከሕዝብ ዓይን መከለል መብቱ ነው፤ እሷን መደበቅ ግን በእሷ ጤና ላይ መወሰን ነው።

«ነገርካት?» አልሁት።

«ሦስት ቀን ፈጀብኝ» አለ፤ «ግን ሐኪሙ ለእኔ እንዳደረገው፣ መጀመሪያ በሩን ዘጋሁ።»